በልኩ የሚሰበር ጅራት

የጅማ በርጩማ ሦስቱ እግሮቹና መቀመጫው ከአንድ ግንድ ተፈልፍለው ይወጣሉ። መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅበት ቦታም የለውም፤ የጠራቢው ሙያ የሚለካውም በዚሁ ነው። በቤት ግድግዳ ላይ የምትሮጠው እንሽላሊት ጅራት ግን ተቃራኒውን ሙያ ይዟል፤ ዕድሜ ልኩን እንደ ተያያዘ ኖሮ፣ አደጋ በመጣ ቅጽበት በተወሰነለት ቦታ ላይ ይለቃል። እኔ ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል ባይ ነኝ።

በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ የቡና ጀንፈል በሚሰጣበት ወቅት እንሽላሊቶች የማድረቂያው አልጋ እግር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ድመት ወይም ዶሮ ጅራታቸውን ስትይዝ የሚሆነውን ያላየ ልጅ የለም። ብዙዎቻችን ጅራቱ በሁለት አጥንቶች መጋጠሚያ ላይ የሚበጠስ ይመስለናል። በብዙዎቹ እንሽላሊቶች እንዲህ አይደለም። የጅራቱ አከርካሪ አጥንት ራሱ ወገቡ ላይ የመሰበሪያ መስመር ይዞ ያድጋል፤ መስመሩም በጡንቻው፣ በስቡና በቆዳው አልፎ ይወጣል። ከእንሽላሊቷ መቀመጫ አጠገብ ያሉት ጥቂት አጥንቶች ግን ይህ መስመር የላቸውም።

ታዲያ በሩጫና በዝላይ ለምን አይወልቅም? አቡ ዳቢ ባለው የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት መልሱን አቅርበዋል። ካጠኗቸው እንሽላሊቶች አንዷ የሄሚዳክቲለስ ወገን ናት፤ ይህ ወገን እኛም አገር አለ። በመሰበሪያው መስመር ላይ የጡንቻው ጫፎች እንደ ሽብልቅ ሾለው በትይዩ ጉድጓዳቸው ውስጥ ይገባሉ። የሽብልቁ ገጽ ላይ እንጉዳይ የሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን ዘንጎች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ዘንግ አናትም ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ይህ ገጽ ቀጥ ብሎ ሲሳብ አጥብቆ ይይዛል፤ ሲታጠፍ ግን ከዳር ጀምሮ ይላጣል። ስለዚህ እንሽላሊቷ ጅራቷን ወደ ጎን ታጥፈዋለች፤ ያን ጊዜ ይለቃል። እስኪፈለግ የሚይዝ፣ ሲፈለግ የሚለቅ፣ ሁለቱም በአንድ ገጽ! ደሙም አይፈስም ማለት ይቻላል፤ በደም ሥሩ ዙሪያ ያለው ቀለበታማ ጡንቻ ወዲያው ይኮማተራል።

የተቆረጠው ጅራት ከአንጎል ትእዛዝ ባይደርሰውም ለደቂቃዎች ይወራጫል፤ አንዳንዴም ተስፈንጥሮ ይገለበጣል። አሳዳጁ በእሱ ሲጠመድ ባለቤቷ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። ዋጋው ቀላል አይደለም። ጅራቱ የስብ ማከማቻዋና ሚዛን መጠበቂያዋ ነበር፤ አንዳንዶቹ አደጋው ካለፈ በኋላ ተመልሰው የራሳቸውን ጅራት የሚበሉትም ለዚህ ነው። እዚያው ቡና ዛፍ ላይ የምትኖረው እስስት ይህ ሙያ የላትም፤ ጅራቷ ቅርንጫፍ የምትጨብጥበት አምስተኛ እጇ ነውና አትጥለውም።

እንሽላሊቷ ሌላ ጅራት ታበቅላለች። አዲሱ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ውስጡ ግን በአከርካሪ ፈንታ አንድ ወጥ የልምአጥንት ቱቦ ነው፣ የመሰበሪያ መስመርም የለውም። ዳግመኛ ከተያዘች ጅራቷን መጣል የምትችለው ከአሮጌው ስብራት በላይ፣ ነባሩ አጥንት ከተረፈበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።