‹‹ሻካራ አሯሯጥ›› ያለው ሞተር፦ በአንድ የጥገና መመሪያ የአማርኛ ትርጉም ላይ የቀረበ ሒስ

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ለአስተያየት የተላከልን አንድ የአማርኛ ረቂቅ ነው። ረቂቁ የቀላል አውሮፕላን ባለ ሁለት ምት ሞተር በደንብ አልሠራ ሲል መንሥኤው እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ የመመሪያ ምዕራፍ ሲሆን፣ የሚናገርለትም ሞተር የኦስትሪያው ሮታክስ 582 ነው። የተርጓሚውን ስም አናነሣም። ድካማቸውን እናከብራለን፤ ከምንነቅፋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹም የእርሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የቴክኒክ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት እየለቀምን ለመተካት የምንቸኩል የሁላችንም ናቸው።

ስለ ሞተሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በባለ አራት ምት ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚነሣው ዘንጉ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንዴ ነው፤ በባለ ሁለት ምት ግን በየዙሩ ይነሣል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ እ.ኤ.አ. በ1891 ፓተንት ባገኘበት ዐይነት አሠራር፣ አየርና ቤንዚን በመጀመሪያ የሚገባው ከፒስቶኑ በታች ባለው የዘንግ ቤት ነው፤ እዚያ ታምቆ ወደ ላይ ይተላለፋል። የዘንግ ቤቱ በዚህ ሥራ ስለ ተያዘ እንደ መኪና ሞተር ዘይት ሊጠራቀምበት አይችልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይገባል፤ መጠኑም ለ582ቱ 50 ለ1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ቬስፓ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። 582ቱ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡሬተር፣ ለየሲሊንደሩም ሁለት ሁለት ካንዴላ ያለው፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 580 ሲሲ ገደማ የሆነና በደቂቃ 6500 ዙር ላይ 64 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ነው። አምራቹ ራሱ፣ ሞተሩ ከአሠራሩ የተነሣ በድንገት ሊቆም እንደሚችል በመመሪያዎቹ ውስጥ አበክሮ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ እዚህ ላይ የቃል ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ የሚለካው በአንባቢ መሰላቸት አይደለም።

የምዕራፉ ርእስ ‹‹ችግር ፍለጋ›› ይላል። በአማርኛ ችግር የሚፈልግ ሰው ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚል ሰው ነው። ‹‹የብልሽት ምርመራ›› ቢባል ይበቃ ነበር፤ በዚህ አንቆይም።

ቀጥሎ ያለው ንኡስ ርእስ ግን ሊታለፍ አይገባውም። ‹‹ሞተሩ በሻካራ አሯሯጥ ሲሮጥ›› ተብሏል። በሁለት ቃል ሁለት ስሕተት አለ። በመጀመሪያ የአማርኛ ሞተር አይሮጥም፤ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ይዞራል፣ ይጠፋል። የሚሮጠው መኪናው ነው። ሁለተኛ፣ ሻካራ የሚባለው በእጅ የሚዳሰስ ነገር፣ ሲሰፋም ድምፅ ነው። ረቂቁን በሞተር ብስክሌት ጥገና ረጅም ዘመን ለኖሩ አንድ ባለሙያ አነበብንላቸው። ‹‹ዶክተር፣ ምን ያደርጋል ነው የሚለው?›› ሲሉ ጠየቁን፤ ‹‹ያንገራግራል? ይንዘፈዘፋል? ወይስ ይንተባተባል?›› እኛም መልስ አልነበረንም። የእንግሊዝኛው ቃል ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ያጨቀ ስለሆነ ለይቶ አልነገረንምና።

እዚህ ላይ ተርጓሚው ከምንጩ ቋንቋ የተሻለ መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ሳለ ጥለውታል እንላለን። ማንገራገር ዳገት ላይ እግሯን ተክላ አልሄድም የምትል በቅሎ ጠባይ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡት ከመፍጠን ይልቅ የሚያቅማማ ሞተር ልክ እንዲሁ ያደርጋል፤ ይህም መርማሪውን በመጀመሪያ ወደ ነዳጁ መሥመር ይመራዋል፤ ማጣሪያው ተዘግቶ፣ ፖምፓው ደክሞ፣ ወይም ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ጎማ ተሰንጥቆ አየር እያስገባ ሊሆን ይችላል። መንተባተብ ምት እየሳተ መሥራት ነው፤ ይህ ከሁሉ በፊት ካንዴላውንና የኤሌክትሪኩን መሥመር ያስጠረጥራል፤ ሁለቱን የማቀጣጠያ መሥመሮች በየተራ አጥፍቶ የትኛው እንደ ደከመ ማየት የሚቻልበት ነው። መንዘፍዘፍ ደግሞ የመላ አካል ነው፤ በተለይም ሞተሩ ያለ ጭነት በዝግታ ሲዞር ይታያል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል አለመከፈታቸው፣ ወይም ዙሩ ከ2000 በታች መውረዱ፣ አለዚያም የፕሮፔለሩ ሚዛን መዛባት ነው። ቃሉ ምርመራውን ይተካል አንልም፤ አንዱ ጠባይ ከሌላው ጋር ተደባልቆ የሚመጣበት ጊዜም አለ። ሆኖም ሠንጠረዡ ‹‹ሻካራ›› በሚል አንድ ርእስ ሥር 11 ምክንያቶችን ከሚዘረዝር፣ በሦስት ግሦች ተከፍሎ ቢጻፍ ሜካኒኩ ግማሹን ሥራ ሳይፈታ በጆሮው ይጨርስ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ‹‹ድብልቅ›› በሚለው ቃል ላይ የተፈጸመው ነው። በዚህ ሞተር ውስጥ ሁለት ድብልቆች አሉ። አንዱ በጀሪካን ውስጥ በሰው እጅ የሚዘጋጀው የቤንዚንና የዘይት ድብልቅ ነው፤ ሁለተኛው በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ የሚፈጠረው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ነው። (‹‹ጉሮሮ›› የረቂቁ ቃል ነው፤ በጣም ወደነዋል፤ አየሩ የሚጠብበትንና የሚፈጥንበትን ቦታ ከዚህ የተሻለ የሚገልጥ የለም።) እንግሊዝኛም ለሁለቱ አንድ ቃል ይጠቀማል፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛው ሜካኒክ በቅጽሎቹ ይለያቸዋል፤ ‹‹ሊን›› እና ‹‹ሪች›› ሲባል ስለ አየርና ቤንዚን እንደሚነገር ከልምድ ያውቃል። አማርኛው ግን ቅጽሎቹን ‹‹ቀጭን›› እና ‹‹ወፍራም›› ብሎ ተርጉሟቸዋል። ቀጭንና ወፍራም የሚባል ፈሳሽ ለአማርኛ ተናጋሪ ወጥ ነው፣ ሽሮ ነው፣ ዘይት ነው። በአየር የሚቀጥን ነገር አይታየውም።

የሚከተለውን እንመልከት። ረቂቁ ‹‹ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ድብልቁ ወፍሯል፤ አቅጥነው›› ይላል። ባለሙያችን ይህን ሲሰሙ ያለ ማመንታት ‹‹ዘይት ይቀንሳላ!›› አሉ። ዘይቱ ከተቀነሰ ፒስቶኑና ኩሽኔታዎቹ የሚቀቡበት ይጎድላል፤ ሞተሩም አየር ላይ ሳለ ሊቆም ይችላል። ተገላቢጦሹም አይሻልም። ‹‹ድብልቁ ቀጥኗል›› የተባለ ሰው ወፍራም ለማድረግ ዘይት ቢጨምር፣ የጨመረው ዘይት የቤንዚኑን ድርሻ ስለሚሻማ፣ ወፍራሙ ፈሳሽም በጠባቡ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ልብ ስለማያልፍ፣ የአየሩና የቤንዚኑ ድብልቅ ጥቂትም ቢሆን ከቀድሞው ይልቅ ቤንዚን ያንሰዋል። ማለትም መድኃኒት ብሎ የሰጠው በሽታውን ያብሳል። ለትርጉም ባለሙያዎች ደጋግመን የምንናገረው ‹‹ቃል በቃል መተርጐም ትርጉም ያሳስታል›› የሚል ምክር አለ፤ እዚህ ግን ትርጉሙ አልተሳሳተም፤ እያንዳንዱ ቃል በመዝገበ ቃላት ሲመረመር ልክ ነው። የተሳሳተው ድርጊቱ ነው።

የእኛ አሳብ እንዲህ ነው። ለቤንዚንና ዘይቱ ‹‹ቅይጥ››፣ ለአየርና ቤንዚኑ ‹‹ድብልቅ›› የሚለው ተለይቶ ይሰጥ፤ በመመሪያው መጀመሪያም ይበየን። ቀጭንና ወፍራም ግን ፈጽሞ ይቅሩ። በአንዳንድ ጽሑፎች የምናያቸው ‹‹ድኻ›› እና ‹‹ሀብታም›› ድብልቅ የሚሉትም አይረዱም፤ ድኻው ምን እንዳጣ አይናገሩምና። አማርኛ ይህን በግሥና በባለቤቱ ይናገረዋል፦ ‹‹ቤንዚን አንሶታል››፣ ‹‹ቤንዚን በዝቶበታል››። ይህ ቃል ነው ወይስ ዐረፍተ ነገር የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ስያሜ የግድ ስም መሆን አለበት የሚለው እምነት ከየት እንደ መጣ ግን አልተረዳንም። አማርኛ የግሥ ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው አደገኛ ቦታ ‹‹ማነቂያ›› የተባለው ክፍል ነው። በብዙ ካርቡሬተሮች ሞተሩ በብርድ ሲነሣ የአየሩን መንገድ የሚዘጋ ሽፋን አለ፤ አየሩን አንቆ ቤንዚኑ እንዲያይል ያደርጋል፤ ለእርሱ ማነቂያ መባሉ ያምርበታል። 582ቱ የሚጠቀምበት ቢንግ 54 ካርቡሬተር ግን ምንም የሚያንቀው ነገር የለውም። ያለው ተጨማሪ ቤንዚን የሚያስገባ ትንሽ የጎን መንገድ ነው። እንግሊዝኛው በልማድ የድሮውን ስም ለአዲሱም ይጠራበታል። ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን በታለፈ ነበር፤ ሆኖም ረቂቁ ‹‹ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ማነቂያውን ክፈት›› ይላል። ሽፋን ያለውን ካርቡሬተር ያወቀ ሰው ከፈተ ማለት አየር ለቀቀ፣ ቤንዚን ቀነሰ ማለት ነው። እዚህ ግን የጎን መንገዱን የከፈተ ሰው ቤንዚን ይጨምራል። ትእዛዙ ተገለበጠ ማለት ነው። ‹‹የማስነሻ ቤንዚን መስጫ›› የሚል ስም ከተሰጠው፣ መክፈትና መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይሳሳትም።

ስለ ቀሩት ባጭሩ እንናገራለን። ‹‹ዋና ጀት›› የተባለው በካርቡሬተሩ ሥር ያለ ቤንዚኑን የሚመጥን ቀዳዳ ነው፤ በአውሮፕላን መመሪያ ውስጥ ጀት ሲባል አንባቢ ምን እንደሚያስብ መናገር አያሻም፤ ‹‹ዋና መርጫ›› ይበቃል። ‹‹ጋዝ ጨምር›› የሚለው ከአሜሪካ እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ በእኛ አገር ጋዝ ፋኖስ ውስጥ የሚጨመረው ነው፤ ‹‹ነዳጅ ስጥ›› መባል አለበት። ሁለቱን ካርቡሬተሮች ‹‹በጊዜ ማመሳሰል›› የተባለውም ጊዜን አይመለከትም፤ ጉዳዩ የሁለቱ መክፈቻዎች እኩል ከፍታ መነሣት ነውና ‹‹ማስተካከል›› ወይም ‹‹አቻ ማድረግ›› ይባል፤ ጊዜ የሚለው ቃል ብልጭታው ለሚሰጥበት ቅጽበት ይቀመጥ። የዘንጉን ጫፍ አየር እንዳያስገባ የሚይዘው ጎማ ‹‹ማኅተም›› መባሉ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛን እንጂ ሜካኒክን አያስታውስም።

ፒስቶን ከሙቀት ብዛት ወይም ከዘይት እጥረት የተነሣ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሲቆም ረቂቁ ‹‹ፒስቶኑ ይወረሳል›› ይላል። በዚህ አገር በ1967 ዓ.ም. ብዙ ነገር ተወርሷል፤ ፒስቶን ግን በአዋጁ ውስጥ አልነበረም። እኛ ‹‹መንከስ›› የሚለውን እናቀርባለን፤ ሲሊንደሩ ፒስቶኑን ነከሰው። ሞተሩ ሳይሞቅ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ፈጥኖ ስለሚያብጥ የሚደርሰውን ደግሞ ‹‹የብርድ ንክሻ›› ማለት ከሕክምናው ቃል ጋር ስለሚጋጭ፣ ‹‹ሳይሞቅ መንከስ›› ብንል ይሻላል።

አንድ ነገር ተርጓሚውን አጥብቀን የምንነቅፍበት አለ። በሁለት ቦታ ካንዴላን ‹‹የእሳት ብልጭታ ሰጪ መሰኪያ›› ሲሉ ተክተውታል፤ ቴስታታና ማርሚታም እንዲሁ በረጃጅም ሐረጎች ተሰደዋል። እነዚህ ቃላት ከኢጣልያንኛ መጡ፤ እውነት ነው። ከገቡ ግን የብዙ አባትና ልጅ ዘመን አልፏል፤ በየጋራዡ ይረባሉ፤ ‹‹ካንዴላዎቹ›› ይባላል። ያሉንን ቃላት ባዕድ ናቸው ብለን ስናባርር፣ በምትካቸው የምናመጣቸው ማንም የማይናገራቸው ናቸው። ተርጓሚው የካንዴላን ቀለም ሲገልጡ ግን ‹‹የተቆላ ቡና መልክ›› ብለዋል፤ ይህ ግሩም ነው፤ ገና ያልበሰለው ነጣ ያለው ቤንዚን ያነሰው፣ ያረረው የበዛበት መሆኑን ማንም ይረዳል።

በመጨረሻ ያልቋጨነው አንድ ቃል አለ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲበዛበት ወይም ጭነት ሲቀልለት፣ በየዙሩ በማቀጣጠል ፈንታ አንዱን ዙር እየተወ ያቀጣጥላል፤ ድምፁም እንደ ባለ አራት ምት ይሆናል። እንግሊዝኛው ከዚህ አንድ ግሥ ሠርቷል። ረቂቁ ‹‹ሞተሩ ወደ ባለ አራት ምት ይለወጣል›› ስላለ፣ አንባቢ ሌላ ሞተር የተገጠመ ይመስለዋል። መንተባተብ አይባልም፤ መንተባተብ ሥርዐት የለውም፤ ይህ ግን ሥርዐት አለው። እኛ ‹‹ማሰለስ››ን አስበን ነበር፤ እያሰለሰ ያቀጣጥላል። ባልደረቦቻችን ቃሉ ዛሬ በሕይወት ያለው ‹‹ሳያሰልስ›› በሚለው አሉታዊ መልኩ ነው ሲሉ ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም ሚዛን ይደፋል። ባለሙያችንን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና ‹‹እኛ እንኳ ‹አንድ እየዘለለ ይመታል› ነው የምንለው›› አሉ። በቃላት ዝርዝሩ ላይ ሁለቱንም አስፍረናል፤ የእርሳቸውን አስቀድመን።