ረጅም ዱላ ለኋላ ሰው

«ጋሼ፣ የእኔን ትንሽ ረዘም ያድርጉልኝ።» አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ለገና ጨዋታ ዱላ ሳዘጋጅ፣ ከኋላ የሚሰለፉ ልጆች ሁሉ የሚሉኝ ይህንኑ ነው። እውነት አላቸው። የፊት ሰው ሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ ይለጋል፤ የኋላ ሰው ዋና ሥራ ግን መንገዷን መዝጋት ነው። ዱላው አንድ ስንዝር ሲረዝም አጥቂውን ሳይጠጉ ሩሯን ከፊቱ መንጠቅ ይቻላል።

ጣጣው ዱላው ሲመለስ ነው። ውፍረቱ እኩል የሆነ እንጨት በ10 በመቶ ቢረዝም፣ ከአንድ ጫፉ ተይዞ ሲወዛወዝ እምቢታው በ33 በመቶ ገደማ ያድጋል። ክብደቱ ይጨምራላ፤ የጨመረውም ክብደት ከእጅ የራቀው ነው። በዚያ ላይ የገና ዱላ ቆልማማ ጫፉ ራሱ ከባድ ነው፤ ወይራ ሲሆንማ ይብሳል። አንዴ የሳተ ረጅም ዱላ እስኪመለስ አጥቂው አልፎ ሄዷል። ስለዚህ ለኋላ ሰው ስሠራ ከወገቡ ወደ ታች ያለውን እየላግሁ አቀጥነዋለሁ። ቆልማማውን ግን አልነካም፤ ከሳሳ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለዓለም ያበረከቱት ላክሮስ ይህን ነገር በደንብ አስቦበታል። በወንዶች የሜዳ ላክሮስ አጭሩ ዱላ ከ102 እስከ 107 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለተከላካይ ከ132 እስከ 183 ሴንቲ ሜትር ይፈቀዳል፤ ሆኖም ሜዳ ላይ ካሉት የአንድ ቡድን 10 ተጫዋቾች ረጅሙን የሚይዙት፣ ግብ ጠባቂው ሳይቆጠር፣ ከ4 አይበልጡም። ይህ ደንብ በጣም ደስ ይለኛል፤ ረጅሙን ዱላ አልከለከለም፣ ቁጥሩን ወሰነ እንጂ። በ2028 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ የሚታየው ባለ 6 ተጫዋቹ ላክሮስ ግን ለሜዳ ተጫዋቾች አጭሩን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሜዳው 70 በ36 ሜትር ነው፤ እንዲህ በጠበበ ሜዳ ረጅም ዱላ ቢበዛ ማለፊያ ይጠፋል።

የእኛም ነገር ወደዚያው ሄዷል። በገጠር ገና ለሜዳው ወሰን፣ ለተጫዋቹም ቁጥር አልነበረውም፤ ሰፊ ሜዳ ላይ ረጅም ዱላ ብዙ አይጎዳም። አቃቂ ላይ ግን የምንጫወተው በፋብሪካ አጥርና በኮንዶሚኒየም መካከል በተረፈ ቦታ ነው። የወንዶች ላክሮስ ተጫዋች የራስ ቁርና ጓንት አለው፤ የእኛ ልጅ ቅልጥሙ እንኳ አልተሸፈነም። የባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑ ለውድድር የራሱ ደንብ አለው፤ እኔ የምናገረው ለበዓል ቀን የሰፈር ጨዋታ ነው። በዚያ ቀን ጌታም በሎሌው አይቆጣም ይባላል፤ ቂም እንዳይኖር እንግዲህ በዱላው ርዝመት ላይ ስምምነቱ ሩሯ ሳትለጋ በፊት መሆን አለበት።

ለልጆቹ የምለው ይህ ነው፦ ዱላዎቹን ሁሉ መሬት ላይ ጎን ለጎን ደርድሩ። መደበኛው ልክ ከመሬት እስከ ዳሌ ነው፤ ከዚያ በአንድ ስንዝር የሚበልጥ ዱላ በየቡድኑ ለሁለት የኋላ ሰዎች ብቻ ይፈቀድ። ሦስተኛ ረጅም ዱላ ከተገኘ እዚያው በመጋዝ ይቆረጣል፤ ባለቤቱ ካልፈለገ ያስቀምጠውና አጭር ይዋሳል።