«ማጥፋት» የሚለው ግሥ ስለ ተሸከመው ጭነት
(የቨርችዋል ማሽን ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ)

ኮምፒዩተር ነክ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች አብዛኛውን ድካማቸውን በስሞች ላይ ያሳልፋሉ። «ቨርችዋል ማሽን» ምን ይባል? «ሆስት» ማን ነው? «ቦክስ» ሣጥን ነው ወይስ ጥቅል? ግሦቹ ግን ያለ ክርክር ያልፋሉ፤ የተለመዱ መስለው ስለሚታዩም በቅርብ የተገኘው የአማርኛ ግሥ ይሰጣቸዋል። በበኩላችን ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ከዚሁ ከግሦቹ በኩል ነው የሚል እምነት አለን። ይህን ለማሳየት ቬግራንት የተባለው መሣሪያ የሚሠራባቸውን ቃላት መርጠናል።

መሣሪያው ስለሚሰጠው አገልግሎት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አንድ ፕሮግራም በብዙ ባለሙያዎች ሲዘጋጅ የአንዱ ኮምፒዩተር ከሌላው ይለያል፤ በአንዱ ዘንድ የሠራው በሌላው ዘንድ እንቢ ይላል። ይህን ለማስቀረት በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ማሽን ይቋቋማል፤ ፕሮግራሙም በዚያ ውስጥ ይዘጋጃል፣ ይፈተናል። ይህን ማሽን በእጅ ማቋቋም አሰልቺ ከመሆኑም በላይ አንዱን ማሽን ከሌላው ጋር በትክክል ማመሳሰል ያስቸግራል። ሚቸል ሀሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ቬግራንት ሥራውን ወደ አንድ የጽሑፍ ሰነድ አዛወረው። መነሻው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚሰጠው፣ ምን ምን እንደሚጫንበት በሩቢ የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፋል፤ «አፕ» የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ ማሽኑ እንደ ቨርችዋልቦክስ ባለ ፕሮግራም ላይ ተሠርቶ ይነሣል። ሰነዱ የደረሰው ሌላ ባለሙያም በዚያው ትእዛዝ አቻውን ያገኛል። ይህን «ራስ ሰር» ማለት ተለምዷል፤ ይሁን እንጂ ማሽኑ ራሱን አልሠራም። የሰው ሥራ ወደ ጽሑፍ ተዛውሮ አስቀድሞ ተከናወነ እንጂ አልቀረም።

ስለ ስሙ ክርክር አጭር ቃል እንናገር። «ምናባዊ ማሽን» የሚለው ስያሜ እየተዘወተረ መጥቷል። ምናብ በሐሳብ የሚፈጠረው ነገር መኖሪያ ነው፤ ደራሲ በምናቡ ያየው ከተማ ግብር አይከፍልም። ይህ ማሽን ግን ይከፍላል። የባለቤቱን ሜሞሪ ይወስዳል፣ የዲስክ ቦታ ይይዛል፣ ሌሎች ሥራዎችን ያዘገያል። የላቲኑ ሥረ ቃል ኃይልንና ብቃትን የሚያመለክት ሲሆን፣ «ቨርችዋል» የተባለው ነገር በአካሉ ያ ነገር ባይሆንም በግብሩ ያው ነው። ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት የታወቀ ጽሑፍም መለኪያ ያደረጉት ይህንኑ ግብር ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙ በእውነተኛው ማሽን ላይ እንደሚሠራው ሁሉ በዚህም ላይ መሥራቱን፣ ፍጥነቱ እጅግ አለመጓደሉን፣ ሀብቱም በተቆጣጣሪው እጅ መሆኑን ነው። በአማርኛ ከዚህ ጋር የሚቀራረበው «አከል» ነው። «ማሽን አከል» ቢባል «ማሽኑን የሚያህል» የሚለውን ስሜት ይሰጣል። ካልተወደደም «ቨርችዋል» እንዳለ ቢቆይ አንከፋም፤ የማይታወቅ ቃል አንባቢን ያስጠይቃል፣ የሚያሳስት ቃል ግን ሳያስጠይቅ ያሳልፈዋል። («ማሽን»ስ ለምን ተመረጠ፣ የስፌቱንም የጽሕፈቱንም «መኪና» ስንል ኖረን የለምን? ይህ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው።)

«ሆስት»ን «አስተናጋጅ» ማለት የሆቴል ቤት ሠራተኛን ያስታውሳል። «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የመጣውን መንገደኛ የሚያሳድረው ሰው አሳዳሪ ይባላል፤ ቃሉ ጌታን ወይም ቀጣሪንም ስለሚያመለክት ሁለቱም ትርጉሞች እዚህ ይስማማሉ። አሳዳሪው ኮምፒዩተር ማደሪያውንም ድርሻውንም ይሰጣልና። «እንግዳ» ደግሞ ምንም ማሻሻያ አያስፈልገውም።

ወደ ግሦቹ እንለፍ። «ፕሮቪዥን» የሚለው ትእዛዝ በማሽኑ ላይ የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ይጭናል፣ ያዋቅራል። ቬግራንት ማለት በእንግሊዝኛ ተንከራታች ማለት በመሆኑ፣ «ስንቅ ማስያዝ» ብሎ ለመተርጎም የሚያጓጓ ነው። ውበቱን አንክድም፤ ሆኖም ስንቅ በመንገድ ያልቃል፣ የተጫነ ፕሮግራም ግን አያልቅም። እኛ የምንመርጠው «ማሟላት» የሚለውን ነው። በዚህ ሙያ ጥሩ የሚባለው አሠራር፣ ትእዛዙ ሁለት ጊዜ ቢሰጥ ውጤቱ አንድ ጊዜ እንደ ተሰጠ ሆኖ የሚቀርበት ነው። «ማሟላት» ይህን በራሱ ይዞታል፤ የጎደለ ካለ ይሞላል፣ ከሌለ የሚደረግ ነገር የለም። «መጫን» ግን ሁለት ጊዜ ሲደረግ ጭነቱ እጥፍ ይሆናል።

«አፕ» እንግሊዝኛውን ራሱን የሚያስወቅስ ቃል ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ማሽኑን ይሠራል፣ ያሟላል፣ ያስነሣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያለውን ማስነሣት ብቻ ነው፣ ለብቻው ካልታዘዘ በቀር ማሟላቱን አይደግምም። ስለዚህ የሚጫኑትን ዝርዝር አሻሽሎ «አፕ» ያለ ጀማሪ ምንም ለውጥ ባያይ አይፈረድበትም። ተርጓሚው ይህን በቃል ምርጫ ሊያድነው አይችልም፤ «ማስነሣት» ብሎ በማብራሪያ ማስጠንቀቅ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ቬግራንት ማሽንን ከሥራ ለማሳረፍ ሦስት ትእዛዞች አሉት። «ሰስፔንድ» የሜሞሪውን ይዘት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ማሽኑን ባለበት ያቆየዋል። «ሆልት» እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር ይዘጋዋል፤ ዲስኩ እንዳለ ነው። «ደስትሮይ» ግን ማሽኑን ከነዲስኩ ያስወግደዋል። በአማርኛ ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም በቅድሚያ አፍ ላይ የሚመጣው ግሥ አንድ ነው፦ «ማጥፋት»።

በዕለት ንግግር ይህ ችግር አይፈጥርም፤ ተሳቢው ስለሚለየው። «መብራቱን አጥፋ» ስንል የሚበራ መሆኑን እናውቃለን፤ «ጽሑፉን አጥፋ» ስንል እንደማይመለስ እናውቃለን። መሣሪያ ሲጠፋ ያርፋል፣ ጽሑፍ ሲጠፋ ይሰረዛል ማለት ነው። በኮምፒዩተርም ሕጉ እስካሁን አልፈረሰም፦ ኮምፒዩተር ይጠፋል፣ ፋይልም ይጠፋል፣ የሚደናገር የለም። ቨርችዋል ማሽን ግን በአንድ ጊዜ መሣሪያም ፋይልም ነው። እንደ መሣሪያ ይነሣል፣ ይሠራል፤ በአሳዳሪው ዲስክ ላይ ሲታይ ግን የፋይሎች ስብስብ ነው። ስለዚህ «ማሽኑን አጥፋው» በሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተሳቢው ማንነቱን አይገልጽም፣ ግሡም ሥራውን አይለይም። የትርጉም መመሪያ የሚያነብ ተማሪ ማታ ሥራውን ሲጨርስ ማሽኑን «እንዲያጠፋ» ቢነገረውና ትእዛዙን በ«ደስትሮይ» አንጻር ቢያገኘው፣ በማሽኑ ውስጥ ያደራጀው የመረጃ ቋት አብሮ ይሄዳል። (በነገራችን ላይ «ቋት» ከወፍጮ ቤት የተወሰደ ሆኖ እጅግ የተሳካ ስያሜ ነው።) የሚተርፈው ከአሳዳሪው ጋር በሚጋራው ማህደር ውስጥ ያለውና ማሽኑ የተቀዳበት መነሻ ጥቅል ብቻ ነው።

በመሆኑም ለሦስቱ ሦስት ግሥ እንዲሰጥ፣ «ማጥፋት» ከዚህ መስክ ጨርሶ እንዲወጣ እናሳስባለን። ለ«ሰስፔንድ» «ማስተኛት» ይስማማል፤ «ማገድ» የሚሉት ሰውን ከሥራ የሚያግደውን ደብዳቤ ያስታውሱናል። ለ«ሆልት» «መዝጋት» ይበቃል። ለ«ደስትሮይ» የምናቀርበው «ማፍረስ»ን ነው። ቤት ሲፈርስ ግድግዳው ይሄዳል፣ ንድፉ በእጅ ከሆነ ግን እንደገና ይሠራል፤ ቬግራንትም ሰነዱ እስካለ ድረስ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «መደምሰስ» የጦር ሜዳ ቃል ከመሆኑ ሌላ መልሶ መሥራትን አያስጠረጥርም።

አንድ ነገር ይቀራል። ቬግራንት ከማፍረሱ በፊት እርግጠኛነትን ይጠይቃል፤ መልሱም በእንግሊዝኛ የ«የስ» ወይም የ«ኖ» የመጀመሪያ ፊደል ነው። ምንም ሳይጻፍ ቢታለፍ የሚያዘው መልስ «ኖ» መሆኑ ፊደሉን በትልቁ በመጻፍ ይመለከታል። ይህ ሁሉ ወደ አማርኛ አይሻገርም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ «አዎ»ና «አይ» ደግሞ ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ። «ይፍረስ»ና «ይቅር» ቢባልም በ«ይ» ይጋጫሉ። «አፍርስ»ና «ተው» ግን አይጋጩም፤ ለሴት «አፍርሺ»ና «ተይ»፣ ለብዙ «አፍርሱ»ና «ተዉ» ሲሆኑም «አ»ና «ተ» በቦታቸው ይቆያሉ። በአክብሮት «ያፍርሱ»ና «ይተዉ» ሲባል ግን መነሻዎቹ «ያ»ና «ይ» ሆነው ስለሚቀራረቡ፣ በዚህ አንድ ቦታ ላይ ትሕትናውን በጥያቄው ላይ አሳይቶ መልሱን ከአክብሮት ቅርጽ ነጻ ማድረግ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።