ዕርቅና ዋስ፤ ስለ ጎረቤት አገሮች መሪዎች ጉባኤ የቀረበ ሒስ

የጎረቤት አገሮች መሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መነጋገራቸው ከተለመዱት የመንግሥት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። በዚያ ቀን መሪዎቹ ሲጨባበጡ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ይታተማል፤ የጋራ መግለጫው በሬዲዮ ይነበባል፤ ከዚያም ነገሩ እንዳለቀ ተቆጥሮ ይታለፋል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ግን ከመግለጫው በኋላ ያለውን ነው። ይኸውም የመሪዎች ጉባኤ ሰላምን የሚያመጣው መቼ ነው? ሰላም መስሎ ሌላ መከራ የሚያስከትለውስ መቼ ነው? የሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህም ሁለት ጉባኤዎችን መርጠናል፤ አንደኛው በ1956 ዓ.ም. በባማኮ፤ ሁለተኛው በ1978 ዓ.ም. በጅቡቲ የተደረገው ነው።

መመዘኛውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው ነገሩ ይቅር በመባባል ብቻ አያበቃም። ሽማግሌዎቹ ዋስ ያስጠራሉ፤ ካሣ ካለም በየትኛው ቀን፤ በማን ፊት እንደሚከፈል ይቆርጣሉ። ቃሉን ያፈረሰ ሰው የሚጣላው ከባላጋራው ጋር ብቻ ሳይሆን ከዋሱና ከሽማግሌዎቹም ጋር ነው። እንግዲህ ዕርቁ በሁለቱ ሰዎች የዚያ ቀን ስሜት ላይ ብቻ የቆመ አይደለም ማለት ነው። የመንግሥታትንም ዕርቅ በዚሁ ሚዛን ብንመዝነው ተገቢ ይመስለናል።

በ1956 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ ላይ አልጄሪያና ሞሮኮ በሰሐራ ወሰናቸው ምክንያት ጦርነት ገጠሙ። ቅኝ ገዥው መንግሥት በምድረ በዳው ውስጥ ወሰኑን በትክክል ሳያካልለው ስለ ሄደ እያንዳንዱ ወገን መሬቱ የእኔ ነው ይል ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ገና 5 ወሩ ነበር፤ ስለ ሽምግልና በቻርተሩ የተጻፈው ኮሚሲዮንም ገና አልተቋቋመም። በዚህ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ ቤን ቤላንና ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰንን በጥቅምት 18 እና 19 ቀን በባማኮ አገናኟቸው።

የባማኮን ስምምነት ስናነብ የምናደንቀው አነጋገሩን ሳይሆን የሥራ አከፋፈሉን ነው። መሪዎቹ ወሰኑ የት እንደ ሆነ አልፈረዱም፤ በሁለት ቀንም ሊፈርዱ አይችሉም ነበር። ያደረጉት ነገር ተኩሱን ማቆም፤ ጦሩ ለቆ የሚወጣበትን ቀጠና ከአራቱ አገሮች የተውጣጡ መኰንኖች እንዲወስኑ ማድረግ፤ የኢትዮጵያና የማሊ ታዛቢዎች እንዲጠብቁት መስማማት፤ ዋናውንም ክርክር ለድርጅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ማስተላለፍ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በጋዜጣና በሬዲዮ መሰዳደባቸውን እንዲያቆሙም ተወሰነ። ሚኒስትሮቹ በኅዳር ወር አዲስ አበባ ተሰብስበው ከ7 አገሮች የተውጣጣ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። የወሰኑ ውል የተፈረመው በ1964 ዓ.ም. ነው። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ግን አልሰመረም፤ አልጄሪያ በ2013 ዓ.ም. ከሞሮኮ ጋር የነበራትን የዲፕሎማቲክ ግንኙነት አቋርጣለች። ሆኖም በዚያ ወሰን ላይ የ1956ቱን የመሰለ ጦርነት ተመልሶ አልተነሣም። ፍቅር ባይኖርም ዋሱ ሥራውን ሠርቷል።

የጅቡቲው ጉባኤ ከዚህ ይለያል። በጥር 1978 ዓ.ም. 6 አገሮች ድርቅን በኅብረት ለመቋቋም በጅቡቲ ተሰብስበው የዛሬው ኢጋድ የተገኘበትን ድርጅት መሠረቱ። በዚሁ አጋጣሚ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ ከ1969–70 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። ለድርቅ የተጠራ ስብሰባ ጠላቶችን ማነጋገሩ መልካም ነገር ነበር፤ አናቃልለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ፤ በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ወር፤ ስምምነት ተፈረመ። ጦሩ ከወሰኑ እንዲርቅ፤ የዲፕሎማቲክ ግንኙነት እንዲታደስ፤ እስረኞች እንዲለዋወጡ፤ አንዱም የሌላውን ተቃዋሚዎች እንዳይረዳ ተስማሙ። ከ10 ዓመት በላይ በምርኮ የቆዩ ወታደሮች ወደ እናቶቻቸው መመለሳቸው ብቻውን የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን ስምምነቱ በዚያ ወር ለምን እንደ ተፈጸመ መጠየቅ አለብን። በዚያው መጋቢት የኢትዮጵያ ጦር በአፍዓበት ከባድ ሽንፈት ደርሶበት ስለ ነበር መንግሥቱ በምሥራቅ ያለውን ጦር ወደ ሰሜን ለማዛወር ይፈልጉ ነበር። ዚያድ ባሬም በሰሜን ሶማሊያ የተነሣባቸውን የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ በኢትዮጵያ ምድር ካለው መጠጊያው ለማስነቀል ይሹ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መሪዎች የተለዋወጡት ሰላምን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ከገዛ ሕዝቡ ጋር የሚዋጋበትን ፋታም ጭምር ነው።

ውጤቱም ሳይዘገይ ታየ። ንቅናቄው መጠጊያውን እንደሚያጣ ባወቀ ጊዜ በግንቦት 1980 ዓ.ም. ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የዚያድ ባሬ መንግሥት የገዛ ከተማውን ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ፤ አውሮፕላኖቹ የሚነሡትም ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በእግሩ ወሰን ተሻግሮ በጅጅጋ አውራጃ በሐርቲሼክና በአካባቢው ሰፈረ። ለዚህ ጥፋት ኃላፊው ከተማዋን የደበደበው ወገን እንጂ የሰላም ውል ራሱ አይደለም። ነገር ግን በውሉ ውስጥ በወሰኑ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ዋስ አልተጠራም ነበር። ዝኆኖች ሲጣሉ ሣሩ ይጎዳል ይባላል፤ የ1980 ዓ.ም. ታሪክ ያስተማረን ዝኆኖች ሲታረቁም ሣሩ ሊጎዳ እንደሚችል ነው። ሁለቱም መንግሥታት በ1983 ዓ.ም. ወደቁ።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል። ኢትዮጵያና ኤርትራ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የተፈራረሙት ውል ዋስ ሞልቶት ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታትም፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ነበሩበት፤ የወሰን ኮሚሲዮንም ተቋቁሞ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ፍርዱን ሰጠ። ፍርዱ ግን ለብዙ ዓመታት ሳይፈጸም ቀረ፤ ታዲያ ዋስ ምን ጠቀመ? ይሉን ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። ዋስ ቢኖርም ባለጉዳዮቹ ካልተነጋገሩ ዕርቅ አይቆምም። ነገር ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች በአሥመራ ተገናኝተው የጦርነቱን ዘመን ማብቃት ባወጁ ጊዜ ተቃራኒው ሆነ። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላንበሳና በቡሬ ወሰኑ ተከፈተ፤ ለ20 ዓመት የተለያየ ቤተ ሰብ ተቃቅፎ አለቀሰ። ስለ ቀረጥ፤ ስለ ገንዘብ ምንዛሪ፤ ስለ መንገደኛ ወረቀት የሚያስፈጽም የታወቀ ደንብ ግን አልተከተለም፤ በሩም በዚያው ዓመት ተመልሶ ተዘጋ። በአልጀርስ ዋስ ነበረ፤ መነጋገር ጎደለ። በአሥመራ መነጋገር ነበረ፤ ዋስ ጎደለ።

ስለዚህ የመሪዎች ጉባኤ ከንቱ ነው ከሚሉት ወገን አይደለንም። በባማኮ እንደ ታየው ጦርን ባንድ ቀን የሚያቆም ሌላ ሥልጣን የለም። የምንነቅፈው ጉባኤውን የሥራው መጨረሻ አድርጎ የመቁጠርን ልማድ ነው። ወደ ፊት የጋራ መግለጫ ሲነበብ የታሪክም የሕግም ተማሪ ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቅ እናሳስባለን፤ ነገ ጧት ሥራውን የሚጀምረው ማን ነው? ቃል ቢፈርስ ማን ይጠየቃል? በወሰኑ ላይ የሚኖረው ገበሬና ዘላንስ በውሉ ውስጥ በየትኛው አንቀጽ ይገኛል? መልስ ያልተገኘለትን መግለጫ እንደ ተፈጸመ ዕርቅ ሳይሆን እንደ ቀጠሮ ብንቈጥረው ይሻላል።