ዝም ያለ አንቴና

የለንደን ሰው ብልን አጥብቆ ይፈራል። በ2017 ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው የቅርስ ተቋም ለሕዝብ የብል ወጥመድ በነጻ አድሎ ነበር። ወጥመዱ ላይ ያለው ፌሮሞን፣ ማለትም ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ ነው፤ ወንዱ ተከትሎት ይመጣና ማጣበቂያው ላይ ይቀራል። ልብስ የሚበላው ግን ትሉ ነው። የጥጥ ጋቢያችንን ብዙም አይደፍረውም፤ በርኖስ ካገኘ ግን አይምርም።

እኔ የምፈልገው ወንዱ ሴቷን እንዳያሸት የሚያደርግ ኬሚካል ነው። በማይክሮስኮፕ እያየሁ የወንዱን አንቴና ከሥሩ እቆርጥና የጨው ውሃ በያዙ ሁለት ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች መካከል እዘረጋዋለሁ። እርጥብ ንጹሕ አየር ሳያቋርጥ ይነፍስበታል። ፌሮሞን ለቅጽበት ሲታከልበት ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቁልቁል ይወርድና ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጀርመናዊው ዲትሪክ ሽናይደር ይህን ዘዴ በ1957 ያስተዋወቀው በሐር ትል እራት ላይ ሠርቶ ነው።

ኬሚካሉ ሲጨመር መስመሩ አልወርድ ካለ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የተቆረጠ አንቴና በራሱ ጊዜ ይሞታል። ኬሚካሉ የተበጠበጠበት ፈሳሽም ብቻውን ሊያደነዝዘው ይችላል። ኦርኮ የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ ለብዙ የሽታ ተቀባዮች የጋራ አጋር ስለሆነ፣ እሱ ከተዘጋ ወንዱ የሚያጣው የሴቷን ሽታ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2008 ከሌስሊ ቮሻል ላቦራቶሪ የወጣ ጥናት፣ ዲት የተባለው የትንኝ መከላከያ የሽታ ተቀባዮችን ያግዳል አለ። በዚያው ዓመት ሳይድና ሊያል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ዲቱና ሽታው አንድ ላይ ሲቀመጡ ዲቱ ሽታውን ይዞ ያስቀረዋል ብለው ሞገቱ። እንዲያ ከሆነ አንቴናው ዝም የሚለው ታግዶ ሳይሆን ሽታው ሳይደርሰው ቀርቶ ነው። የዲት ክርክር ከዚያም በኋላ ቀጥሏል፤ ለእጄ የተረፈው ልማድ ግን ግልጽ ነው፦ ፌሮሞኑና ኬሚካሉ በየራሳቸው ቱቦ ይገባሉ።

የማምነው ምላሹ ሲመለስ ነው። ኬሚካሉ ተቋርጦ ንጹሕ አየር ሲነፍስበት መስመሩ እንደገና ከወረደ አንቴናው አልሞተም ነበር። በእገዳው ጊዜ ለሌላ ሽታ መልስ ሰጥቶ ከነበረ ደግሞ የታገደው ፌሮሞኑ ብቻ ነው። ይህን ያለፈ ኬሚካል ወደ ሙሉው ነፍሳት ይሄዳል። ወንድ ብል ይበራል፣ ይሮጣልም፤ ስለዚህ ወጥመድ ባለበት ሳጥን ውስጥ ለቅቄ መንገዱን እከታተላለሁ።