ግራ እጁ ያለ ዕረፍት፦ የግርማ ይፍራሸዋ «ፍቅርና ሰላም»

ግርማ ይፍራሸዋ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ፍቅርና ሰላም» አምስት ድርሰቶችን የያዘ የፒያኖ አልበም ነው፦ «ባለዋሽንቱ እረኛ»፣ «አምባሰል»፣ «ጨዋታ»፣ «ሰመመን» እና «እልልታ»። ከፒያኖው በቀር ሌላ መሣሪያ የለበትም። ደጋግሜ በሰማሁት ቁጥር ግን ግራ እጁ ያሳዝነኛል። ቀኝ እጁ ዜማውን ሲያወጣ ግራው ከሥር እየተከተለ የባሱን፣ የአጃቢውንና የተቀባዩን ሥራ ብቻውን ይሸከማል። አልበሙ ውብ ነው፤ ከአገራችን የፒያኖ ሥራዎች መካከል በክብር የሚቀመጥ ነው። ሆኖም ቢያንስ ሦስቱ ድርሰቶች ከአንድ ፒያኖ ይልቅ ፒያኖና ጥቂት ባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ማለትም ትንሽ ኮንቸርቶ፣ የሚጠይቁ ይመስለኛል።

የዚህ ምክንያቱ በከፊል ከአስተዳደጉ ይመጣል። ግርማ እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ክራር ነው፤ ፒያኖን ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነበር። ከዚያ ወደ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ሄደ። ክራር ተመትቶ ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ነው ያለው፤ ተጫዋቹ ዜማውን በሕይወት ለማቆየት ደጋግሞ ይመታል። የሶፊያው ትምህርት ደግሞ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ፒያኖ ሥርዓት የተቀረጸ እጅ ሰጠው፤ በዚያ ሥርዓት ግራ እጅ በተበተኑ ኮርዶች ክፍሉን ሁሉ ይሞላል። ሁለቱ ሲገናኙ የክራሩ ልጅ በቀኝ፣ የሶፊያው ተማሪ በግራ ይቀመጣሉ። በ«ጨዋታ» ይህ ግንኙነት ደስ ይላል፤ እጆቹ በእርግጥ ይነጋገራሉ። በ«ባለዋሽንቱ እረኛ» ግን የሚከብደኝ ነገር አለ።

የፒያኖ ድምፅ መዶሻው አውታሩን ከመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። ዋሽንት በተቃራኒው ትንፋሽ እስካለ ድረስ አንዷን ድምፅ ማሳደግ፣ ማጥበብና ማንቀጥቀጥ ይችላል። እኔ አልበሙን የምሰማው ሸዋ ሮቢት ነው፤ እዚህ ደግሞ ስለ ዋሽንት የሚፈርድ ጆሮ አይጠፋም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ አየሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል፤ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። በዚህ ሜዳ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ከብት ይዞ የወጣ ልጅ ዋሽንቱን ሲነፋ ረጅሙን ድምፅ ለመዝለል አይቸኩልም፤ ዜማው ያለው እዚያ ርዝመት ውስጥ ነውና። ግርማ ይህን ርዝመት በፒያኖ ማምጣት ስለማይችል በዝርዝር ድምፆች ይሞላዋል። አሞላሉ የተዋጣለት ነው፤ ግን እረኛው ብቻውን መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅኝት ነው፤ «አምባሰል» የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ በአጣዬና በካራቆሬ ወደ ደሴ የሚያልፈው መንገድ ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ ስማቸውን ወደሚጋሩባቸው አገሮች ያደርሳል፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን። የእሑዱን የሰንበቴ ገበያ ያየ ሰው በዚህ መስመር የአማራ፣ የአርጎባ፣ የኦሮሞና የአፋር ጆሮ እንዴት እንደሚገናኝ ያውቃል፤ ማሲንቆውም መንዙማውም አንድ ጆሮ ላይ ያርፋሉ። አምባሰል ከመነሻው ድምፅ ግማሽ ድምፅ ብቻ ወጥቶ ከዚያ ሁለት ሙሉ ድምፅ ይዘላል። ቅኝቱን ቅኝት የሚያደርገው ያች ከመነሻው የተጠጋችው ሁለተኛ ድምፅ ናት። ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እያንሸራተተ እንደ ስሜቱ ያስቀምጣታል። ፒያኖ ግን አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች የከፈለ መሣሪያ ነው፤ ተቃኝቶ ከተዘጋ በኋላ አይለመንም። ግርማ ለዚህ ያገኘው መላ በዚያች ድምፅ ዙሪያ ፈጣን ጌጥ መጨመር ነው። በአብዛኛው ይሳካለታል፤ ግራ እጁ በትልልቅ ኮርዶች ሲገባ ግን ድምፅዋ በአውሮፓዊ ስምምነት ውስጥ ትዋጥና ሐዘኗ የአምባሰል መሆኑ ቀርቶ የማንኛውም አዳራሽ ሐዘን ይሆናል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ባሳተሙት የመጀመሪያ ሸክላቸው ፒያኖው ብቻውን ነው፤ ሆኖም ባዶነቱን አይፈራም። እጃቸው ቆም ይላል፤ ድምፁ ሲያልቅ ይተዉታል። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ያህል እዚያው አምባሰል ውስጥ በምትገኘው ግሸን ማርያም በምናኔ ኖረዋል፤ የሸክላው ዝምታ ከዚያ ኑሮ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ግርማ ግን እሳቸው አይደለም፤ መሆንም የለበትም። የእሱ ሙዚቃ ሙላትን፣ ምልልስንና የመድረክ ግርማን ይፈልጋል። ስለዚህ ለእሱ መፍትሔው ዝምታውን ማብዛት ሳይሆን ሥራውን ማካፈል ነው።

የሙዚቃ ደራሲው አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመረጠው ትልቁን ኦርኬስትራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ እየመራ ስለ ባለዋሽንት እረኛ የጻፈውን ድርሰት አሰምቷል። እረኛው በዚያ ትንፋሽ አገኘ። ይሁንና በደርዘን የሚቆጠሩ ቫዮሊኖች ያችን የአምባሰል ድምፅ በአንድ ልብ ማንሸራተት አይችሉም፤ ብዛት ቅኝትን ወደ ፒያኖው እኩልነት መልሶ ይጎትታል። አራት ሰዎች ግን ይችላሉ።

አራት ይበቃል የምለው ከራሴ አይደለም። ሞዛርት በ1782 መጨረሻና በ1783 መጀመሪያ ቪየና ውስጥ ያቀረባቸውን ሦስት የፒያኖ ኮንቸርቶዎች (ኬ 413፣ 414 እና 415) በሙሉ ኦርኬስትራም፣ በአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻም መጫወት እንደሚቻል ለገዢዎች አስታውቋል። ሁለቱም የሾፓን ኮንቸርቶዎች በጥቂት አውታሮች አጃቢነት ይቀርባሉ። ጌዛ አንዳ በ1960ዎቹ ከሳልዝበርጉ ካሜራታ አካዴሚካ ጋር፣ ማሪ ፔራያም በኋላ ከእንግሊዝ ቻምበር ኦርኬስትራ ጋር የሞዛርትን ኮንቸርቶዎች ሲቀዱ የተለየ መሪ አልቆመላቸውም፤ ፒያኖ ላይ ተቀምጠው ራሳቸው መሩ። እነዚያን ቅጂዎች የምወዳቸው ፒያኖው መጮህ ስለማያስፈልገው ነው። ትልቅ ኦርኬስትራ ፊት ያለ ፒያኖ ለመሰማት ይመታል፤ ትንሽ ኦርኬስትራ መሐል ያለ ፒያኖ ያወራል። ግርማም ማውራት የሚያውቅ ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ቀረጻ ግን በስቱዲዮዎቻችን በተለመደው መንገድ፣ መሣሪያዎቹን ተራ በተራ ቀድቶ በኋላ በመደራረብ፣ ቢሠራ ይበላሻል። ቫዮሊኑ ድምፁን የሚያንሸራትተው ፒያኖው የተወለትን ቦታ በዚያው ቅጽበት ሰምቶ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ የሚመጣ የትናንት ፒያኖ አይመልስለትም። አምስቱም ተጫዋቾች በአንድ ክፍል ተቀምጠው፣ እየተያዩ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት አለባቸው። ማይኩ በእያንዳንዱ መሣሪያ አፍ ላይ ከመደቀን ይልቅ ራቅ ብሎ የክፍሉን አየር ይያዝ። ጥቂት የተሳሳተ ኖታ ቢቀር አይቆጨኝም።

ሁሉም ድርሰት ይህን አይጠይቅም። «ሰመመን» እንዳለ ይቀመጥ፤ በራሱ ላይ ያጎነበሰ ሰው ሙዚቃ ነው፣ አጃቢ ቢገባበት ይነቃል። «ጨዋታ»ም ሁለቱ እጆች ይበቁታል። «እልልታ» ግን የብዙ ሴቶች ድምፅ ነው። በይፋት ሰርግ ላይ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ሳትጨርስ ትቀበላለች፤ መደራረቡ ነው ደስታው። የግርማ አሥር ጣቶች ይህን ለመድረስ ሲታገሉ ትግሉ ከደስታው በላይ ይሰማኛል። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ቢቀባበሉት ፒያኖው ከበሮውን ብቻ ይዞ በነፃነት ይጨፍር ነበር። «ባለዋሽንቱ እረኛ»ም ቢያንስ አንድ ረጅም ቀስት ያሻዋል።

መጀመሪያ መቀዳት ያለበት ግን «አምባሰል» ነው። መግቢያውን ቪዮላ ብቻዋን ትያዘው፤ ፒያኖው ዜማው አንድ ዙር ካለቀ በኋላ ይግባ፣ ግራ እጁም ለረጅም ጊዜ ይረፍ። በልምምዱ ወቅት ከወሎ ወይም ከይፋት አንድ ጥሩ ማሲንቆ ተጫዋች አብሮ ይቀመጥ፤ በቅጂው ላይ ባይጫወትም ባለ ቀስቶቹ ያችን ሁለተኛ ድምፅ የት እንደሚያስቀምጧት ከእሱ ጣት ይማሩ።