የቡድሃ ትምህርት በማንበብ ብቻ ይመዘናልን?

ጀርመናዊው መነኩሴ ኛናፖኒካ ቴራ በእንግሊዝኛ የጻፉት «የቡድሂስት ተመስጦ እምብርት» የተባለው መጽሐፍ መጀመሪያ የታተመው በ1954 እ.ኤ.አ. በሴይሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ ነው። ደራሲው በ1952 እ.ኤ.አ. ወደ በርማ ሄደው በራንጉን ከተማ በማሃሲ ሳያዶ ሥር ተለማምደው ነበር። መጽሐፉን በየትምህርት ቤቱ ከምናነባቸው የሃይማኖት ታሪክ መጻሕፍት የሚለየውም ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ያልሠሩትን ነገር አያስተምሩም።

የልምምዱ አካሄድ ሲነበብ እጅግ ቀላል ይመስላል። ተለማማጁ ተቀምጦ ሆዱ ሲነፋና ሲጎድል ይከታተላል። ሲራመድ እግሩ ሲነሣና ሲያርፍ ያስተውላል። ሌላ አሳብ ቢመጣበት መምጣቱን ልብ ብሎ ወደ ሆዱ ይመለሳል። እኛም ሳንሞክር መንቀፉ አሳፍሮን ለጥቂት ቀናት ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ስለ ፈተና፣ ከቤት ስለሚመጣ ደብዳቤ፣ ስለ እራት ስናስብ ራሳችንን አገኘነው እንጂ ሆዳችንስ ተረስቶ ነበር!

ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አተረፍን። በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት «አናታ» የተባለው የቡድሃ ትምህርት ነፍስን መካድ ነው ተብለን በቃል አጥንተን፣ በፈተናም ጽፈን ሙሉ ነጥብ አግኝተንበታል። አሳብ ሳንጠራው መጥቶ ሳናሰናብተው ሲሄድ ባየን ጊዜ ግን «የአሳቡ ጌታ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከየት እንደ ተነሣ ገባን። ትምህርቱን ተቀበልን ማለታችን አይደለም፤ ቀድሞ ያልገባንን ነገር ስንነቅፍ እንደ ኖርን ግን አልተጠራጠርንም። በአገራችንስ ቢሆን ከመሪጌታ ፊት ቆሞ ሳያዜም፣ ምልክቱን በብራና ላይ አይቶ ብቻ ዜማ ዐወቅሁ የሚል ማን አለ?

ይሁን እንጂ የልምምድ ወዳጆች አንድ ድካም አለባቸው። የቡድሃ ጥንታዊ ስብከት የሚናገረው ስለ እስትንፋስ ሲሆን የበርማው መምህር ሆድን መከታተል ማስተማራቸውን አንዳንድ የሴይሎን መነኮሳት ከመጽሐፍ ጠቅሰው ተቃውመዋል። ለዚህ «ሞክረህ እይ» ብሎ መመለስ፣ የሞከረ ሁሉ ተስማሚ፣ ያልሞከረ ሁሉ አላዋቂ እንዲባል ያደርጋል፤ እንዲህ ከሆነ የሒስ በር ተዘጋ ማለት ነው። እኛ በግማሽ ሰዓታችን ይህን ክርክር ልንፈርድ አንችልም፤ መጽሐፍ ሳይገለጥ ግን ማንም ሊፈርደው አይችልም።

ይህ ጠብ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት በሴይሎን ጽኑ ረሃብ ሆኖ ብዙ መነኮሳት ካለቁ በኋላ፣ የሃይማኖቱ መሠረት ትምህርት ነው ወይስ ልምምድ ተብሎ ተከራክረው፣ ትምህርት ነው ያሉት ረቱ። በቃል ሲወርዱ የኖሩት የፓሊ ቅዱሳት መጻሕፍት በጽሕፈት የሰፈሩትም በዚያው ዘመን ነው። ማሃሲ ሳያዶም ቢሆኑ ከመጻሕፍት የራቁ ሰው አልነበሩም። በ1954 እ.ኤ.አ. በራንጉን ስድስተኛው ጉባኤ ሲከፈት፣ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍቱ በጉባኤው ፊት እንዲጠይቁ የተመረጡት እሳቸው ነበሩ።